ጉሮሮ የምንለው የውሃ መንገድ

ባለፈው የበዓል ዋዜማ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ባጃጅ ደንገል ጭኖ መጣብኝ። ጭኖ ስላችሁ እንደ ሌላው ጭነት እንዳይመስላችሁ። ባጃጁ አይታይም፣ ሹፌሩም አይታይም፤ በሦስት ጎማ የሚሄድ ረግረግ ነው የመጣብኝ። ከቅጠሉ መሀል አንድ አፍ ብቅ ብሎ «ፋዘር፣ ዞር በልልን እንጂ!» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን «አባትህ ብሆን ኖሮ ባጃጅ ሳይሆን አውቶቡስ ነበር የምገዛልህ» ብዬ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪያመልጠው አስቆመው ነበር። ያን ቀን ግን ምላሴ ከዳኝ። ሽታው ቀድሞ ገብቶብኛል። እርጥብ ደንገል ሲቆረጥ የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ሐብሐብ፣ ትንሽ ደግሞ የዓሣ ቅርፊት አለበት። በዚያ ሁሉ አቧራና ንፋስ መሀል እግሬ እስከ ጉልበቴ የረጠበ መሰለኝ። «ከየት ነው የመጣው?» አልኩ። «ከባቱ» አለኝና አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

ባቱ የሚላት የእኛን ዝዋይ ነው። እኔ ወደዚያ የሄድኩት ጎረምሳ ሆኜ አክስቴ ዘንድ ለመኖር ሲሆን፣ ጊዜው መንግሥት ሊለወጥ ነው የሚባልበት ነበር፤ ወይ ደግሞ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ያን ሰሞን የምከታተለው ፀጉሬን ብቻ ነበር። አፍሮዬ በአውቶቡሱ በር አልገባ ብሎ ረዳቱ የሁለት ሰው ልትከፍል ይገባ ነበር ብሎኛል። እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ወገቤ ላይ ከወንድሜ የወረስኩት ሰፊ ሱሪ። ከናዝሬት ተነስቶ በሞጆ ዞሮ፣ መቂ ላይ ቲማቲም የሚሸጡ ልጆች በመስኮት እየተንጠለጠሉበት፣ ያ አውቶቡስ ዝዋይ ሲደርስ እኔም ቲማቲሙም አብረን ተጨፍልቀን ነበር። ሐይቁ ያኔ ከከተማው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ፣ የሻይ ቤቷን ማዕዘን ታጥፋችሁ፣ የብስክሌት አከራዩን አልፋችሁ አንድ ሲጋራ ሳታጨሱ ውሃው እግራችሁ ሥር ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው ይጠብቃሉ። በአንድ ብር በገመድ የተሰካ ቆሮሶ ዓሣ ይሰጣችኋል፤ ዓሣው ከመብዛቱ የተነሳ መጨረሻው መሬት እየተጎተተ አክስቴ ቤት የሚደርሰው እኔ ከደረስኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ዛሬ በዚያ ዓይነት ዓሣ ዋጋ ምን እንደሚገዛ እንዳትጠይቁኝ፤ የዛሬውን ዓሣ ራሱ ሳየው እኔ ልመግበው ይቃጣኛል።

ዳምጠውን ያገኘሁት እዚያው ዳር ነው። የደሴት ልጅ ነው፣ እናቱ እዚያው ደሴቱ ላይ ትኖራለች፣ እሱ ደግሞ ሰውና እህል እየጫነ በደንገል ጀልባ ይመላለሳል። እኔን ሲያይ የመጀመሪያ ሥራው መሳቅ ነበር። ቀዛፊዎቹ ከተሜ ሲያዩ የሚዘፍኑት ነገር ነበራቸው፤ «ዳር ያለ ሰውዬ ጫማው አንጸባረቀ፣ ውሃ ያየ ጊዜ እናቱን ናፈቀ» እያሉ መቅዘፊያቸውን በውሃው ላይ ይመቱበታል። ኮንጎ ጫማ እንደማያንጸባርቅ ላስረዳቸው ብሞክር ባሰባቸው። በሳምንቱ ዳምጠው ጀልባው ላይ አሳፈረኝ። ከዳሩ እስከ ክፍቱ ሐይቅ ያለው ደንገል ደን ነው፤ የሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል፣ እኔ ሳወራው ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ነው። በዚያ ደን መሀል አንዲት ቀጭን የውሃ መንገድ እየተጠማዘዘች ታልፋለች። እኛ ጉሮሮ ነበር የምንላት። ሁለት ጀልባ ከተገናኘ ወደ ደሴት የሚሄደው ቅድሚያ አለው፤ ቀትር ላይ ንፋስ ተነስቶ ሐይቁ ሳይናወጥ መድረስ ስላለበት። ከደሴት የሚመለሰው ጀልባውን ደንገሉ ውስጥ አስጠግቶ «ደህና ግቡ» ይላል። ጉማሬ እንኳ ይህን ሕግ ያከብር ነበር እላለሁ እኔ። ዳምጠው ግን «አንተ ቀደዳ፣ ጉማሬ ያከበረው የእኔን ጩኸት ነው» ይለኛል። ስሜ እዚያ ቀርቷል፤ ዝዋይ ውስጥ ከቀደዳ ሌላ ስም ያለኝ አይመስለኝም።

እናቱን እማማ አስካለን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከጀልባው ስወርድ ጭቃ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። እማማ አስካለ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ጥጥ እያባዘቱ «ዳምጤ፣ ይሄ እንግዳህ መሬቱን መሳሙ ጥሩ ነው፣ ግን ጥርሱን ቢተውለት» አሉ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ቤቴ ሆነ። ከተማ ኑሪ ሲባሉ አይሰሙም። ባላቸው የተቀበሩት ደሴቱ ላይ ነው፤ ልጅ የወለዱበትም፣ ንብ የሚያነቡበትም እዚያው ነው። «እኔ ከዚህ የምወጣ ከሆነ ለሐኪም ነው፤ ለሐኪም ከወጣሁ ደግሞ መልሰኝ። ቃልህን ስጠኝ» ይሉት ነበር። ዳምጠው በወጣ በገባ ቁጥር ቃሉን ይሰጣል። እኔም «እማማ፣ እሱ ቢያቅተው እኔ በጀርባዬ አዝዬዎት እዋኛለሁ» እላለሁ። «አንተ እንኳን እኔን፣ ሱሪህንም አልቻልከው» ይሉኛል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የደንገል ጀልባ ዕድሜው አጭር ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል፤ ወራት አለፍ ሲል አዲስ መሥራት ግድ ነው። አዲስ ለመሥራት ደግሞ ደንገል መቁረጥ አለ። ቀዛፊው ሁሉ የሚቆርጠው ከጉሮሮው ግራና ቀኝ ነበር። ለምን ከዚያ ቢባል፣ አባቶቻችን ከዚያ ስለቆረጡ፤ ደግሞም ቆርጦ እዚያው ጀልባው ላይ ለመጫን ስለሚቀል። መንገድ እየጠረግን ነው ያለ ሰው አላስታውስም። ጀልባ መሥራት ነበር፣ በቃ። አሮጌው ጀልባ ዳር ይወጣል፣ ፍየል ይበላዋል፣ አዲሱ ውሃ ይገባል፣ ጉሮሮዋም እንደተከፈተች ትኖራለች።

እኔ በኋላ ወደ ናዝሬት ተመልሼ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ ፀጉሬ በሰላም ተሰናበተኝ። ከተማውም ስሙን አዳማ አለ፣ ጋሪው ጠፍቶ ባጃጅ ነገሠ። ዝዋይ በሄድኩ ቁጥር ግን ሐይቁ ከሻይ ቤቷ ትንሽ እየራቀ ይጠብቀኛል፤ እንደ ተቀየመ ዘመድ። በየዳሩ የውሃ ፓምፕ ተደርድሯል። ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ላለው ለምኑም ለምኑም ቀን ከሌት ይስባል። ድምፁ ከብዛቱ የተነሳ የከተማው ዶሮዎች መጮህ ትተዋል ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት፤ አላመነችኝም፣ እኔም በከፊል ነው ያመንኩት። ውሃው ሲሸሽ የወጣውን መሬት ለማረስ ደንገሉን በትራክተር ይገፉት ጀመር። ደንገል ሲጠፋ ዓሣው የሚራባበት ጠፋ፣ አፈሩም በዝናብ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ገባ። አንድ ጠዋት ዳምጠው ስልክ ደወለ። «ቀደዳ፣ ና። ወደ ጉሮሮ ደርሰዋል።»

ስደርስ ቀዛፊዎቹ ጀልባዎቻቸውን ጎን ለጎን አስረው የጉሮሮዋ አፍ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ትራክተር አለ። ጀልባ ከትራክተር ጋር ሲፋጠጥ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ከዚያ ቀን ሌላ አላየሁም። ዳምጠው መቅዘፊያውን እንደ ጦር ይዞ «ከዚህ አልፈህ ብትመጣ ሸራ እሰፋልሃለሁ!» ይላል። የትራክተሩ ሹፌር «የምን ሸራ?» ይላል። «የሬሳ ሳጥንህን ልሸፍንበት!» ሹፌሩ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ ግን አላለፈም። የቀዛፊዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ ጉልበታቸው በውሃ ያረጀ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብለው «አካም ጅርታ ልጄ፣ እናትህ ደህና ናት?» አሉት። ሰውዬው ሞተሩን አጠፋ። በዚህ ሁኔታ ነው ነገሩ ወረዳ የደረሰው።

በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አራሾች በአንድ ወገን፣ ቀዛፊዎች በሌላ ወገን፣ እኔ ከናዝሬት ድረስ መጥቼ ከሚያጨበጭቡት ወገን። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ወጣት ነው፣ ሰው አዋቂ፣ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ።

«እሺ፣ ቀዛፊዎች የምትጠይቁት ምንድነው?»

ዳምጠው ብድግ አለ። «ደንገሉን ማንም እንዳይነካ!»

ከአራሾቹ ወገን አንዱ «ማንም ሲል ራሱንም ነው? ወይስ እነሱ እየቆረጡ እኛ ልንከለከል ነው?» አለ። አዳራሹ አጉረመረመ።

ባለሙያው «ለጀልባ መሥሪያ ለእናንተ ልዩ ፈቃድ ይቻላል» አለ።

ኦቦ ገመቹ ዳምጠውን አዩት፣ ዳምጠው ኦቦ ገመቹን አየ። ሽማግሌው ሲነሱ ድምፃቸው ሞልቶ ነበር። «ልዩ አንፈልግም። ለሆዳቸው ነው የጮኹት እንዳይባል። ደንገሉ እስኪያገግም እኛም ማጭድ አናነሳም። ያሉን ጀልባዎች ይበቁናል።»

እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። ያ የተቃወመው አራሽ ራሱ ተነስቶ ኦቦ ገመቹን አቀፋቸው። ያን ቀን ምሳ ላይ የተበላው ዓሣ ሐይቁን አንድ ክንድ ዝቅ ሳያደርገው አልቀረም። ዳምጠው «አየህ ቀደዳ፣ አሸነፍን» አለኝ። ማሸነፉ እውነት ነበር። ትራክተሩ ሄደ። ደንገሉ አገገመ፣ አረንጓዴው ተመለሰ፣ ወፉም ተመለሰ። ከሩቅ ለሚያየው በሐይቁ ዙሪያ እንደዚያ ጥግ የሚያምር አልነበረም።

ጀልባዎቹ ግን ቀስ በቀስ በሰበሱ። ማኅበሩ በምትካቸው ከአንድ ረጂ ድርጅት ሞተር ያለው የፋይበር ጀልባ አገኘ፤ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ። ሞተሩ ጥልቅ ውሃ ስለሚፈልግ በጉሮሮ አያልፍም፣ ከከተማው ወዲያ ካለው ወደብ ነው የሚነሳው። ቀዛፊዎቹ ተራ በተራ ቤንዚን የሚቀዱ፣ ትኬት የሚቆርጡ ሆኑ። ከዚያ አንድ ቀን ዳምጠው እንደገና ደወለ፤ ድምፁ ደህና አልነበረም። «ዛሬ በአሮጌዋ ጀልባ በጉሮሮ ላልፍ ገባሁ። ቅጠሉ በሁለቱም ወገን ትከሻዬን ነካኝ።» እኔ ቀልድ ፈልጌ «ወፍረህ ይሆናላ» አልኩት። አልሳቀም። «አልገባህም። እኛ ነን የዘጋነው» አለኝ። ሁሉም ቀዛፊ በዚያው ሰሞን ገባው መሰለኝ፤ ግን ማንም ከማንም ጋር ጮክ ብሎ አላወራውም። ምን ብለው ያውሩት? ሰው ሁሉ ያጨበጨበላቸው ነገር ነው። ቃላቸውን እንዴት ወረዳ ሄደው ይመልሱት? በዚያ ላይ እንቦጭ መጣ። ሐይቁ ላይ እንደ ምንጣፍ እየተንሳፈፈ ንፋስ እየገፋው ጉሮሮዋ አፍ ላይ ተኛ።

እማማ አስካለ የታመሙት ከዚያ በኋላ ነው። ዳምጠው በሞተሩ ጀልባ ወደ ከተማ አመጣቸው፣ ሐኪም ቤት ተኙ። ሐኪሙ ዳምጠውን ለብቻው ጠርቶ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ይሻላል አለው፤ እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውም ያውቃሉ። «በል ዳምጤ፣ ቃልህ» አሉት። በዚያው ሳምንት ግን የሞተሩ ጀልባ ፕሮፔለር እንቦጭ ተጠምጥሞበት ተሰበረ። ጀልባዋ ዳር ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ መለዋወጫ ነጋዴ አይደለሁ? ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለ ሱቅ ሁሉ ገባሁ። የመርከብ ዕቃ ስላቸው የአውሮፕላን ያሳዩኛል፣ የአውሮፕላን ስላቸው የውሃ ፓምፕ ያመጡልኛል። የለም። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎችም ዓሣ ተከትለው ወደ መቂ በኩል ሸሽተዋል፤ ከዚያም ሆነ ከወደቡ ያለው ክፍት ማዕበል ደግሞ ለታመመች እናት በትንሽ ጀልባ የሚሞከር አይደለም።

ዳምጠው ኦቦ ገመቹ ቤት ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ቆሞ ነው የተናገረው።

«ኦቦ ገመቹ፣ አንድ ጀልባ የሚሆን ደንገል ልቁረጥ ብዬ ልጠይቅዎ መጣሁ።»

«ክልከላው ሲወጣ ከሁላችን በላይ የጮኸው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«አስካለ እንዴት ናት?»

«ቤቴ እያለች ነው።»

ኦቦ ገመቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔ ዛሬ ዓይኔን አሞኛል። ሐይቅ የሚባል ነገር አይታየኝም። ሂድ።»

ዳምጠው ቆረጠ፣ አሰረ፣ ጀልባዋን ሠራ። እጁ አልረሳም። ማለዳ፣ ውሃው መስታወት ሳለ፣ እማማ አስካለን በጋቢ ጠቅልለን መሀል ላይ አስቀመጥናቸው፣ ጃንጥላ ዘረጋንላቸው። እኔ ከፊት ማጭድ ይዤ፣ ዳምጠው ከኋላ። ወደ ጉሮሮ ገባን። መጀመሪያ ላይ መንገዷ አለች። ቀጥሎ ጠበበች። ቀጥሎ እንቦጩ ጀመረ፣ ከእንቦጩ ወዲያ ደንገሉ ተገናኝቶ ግድግዳ ሆኗል። ወርጄ እስከ ደረቴ እየገባሁ ቆረጥኩ። ዳምጠውም ወረደ። አንድ ጀልባ ልክ እንከፍታለን፣ አንድ ጀልባ ልክ እንገፋለን። እማማ አስካለ ከላይ ሆነው «ቀደዳ፣ ፀጉርህ ያኔ ቢሆን ኖሮ በእሱ ትጠርገው ነበር» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ከጃንጥላው አያልፍም። የዳምጠው እጅ በደንገሉ ተቆራርጦ ውሃው ላይ ደም ያንጠባጥባል፣ እሱ አያየውም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ከፊታችን ምን ያህል እንደቀረ የምናውቅበት ነገር አልነበረም፤ ወደ ፊት ደንገል፣ ወደ ላይ ሰማይ፣ ወደ ኋላ የቆረጥነውን እንቦጩ እየገባበት ይሸፍነዋል። ከዚያ የደንገሉ ጫፍ መወዛወዝ ጀመረ። ቀትር ነው፤ ንፋሱ ተነስቷል። ክፍቱ ሐይቅ ላይ ብንደርስም እንኳ ከእሳቸው ጋር መሻገር አይቻልም። ሁለታችንም አወቅን፣ ሁለታችንም መቁረጣችንን ቀጠልን።

«ዳምጤ» አሉ እማማ አስካለ።

«ወዬ እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

«በቃህ። አየሁት።»

«ምኑን?»

«ዋርካውን። ቅጠሉ ለምልሟል። ያባትህም መቃብር ደህና ነው፣ አጥሩ አልወደቀም። አየሁት አልኩህ፤ አሁን መልሰኝ፣ በርዶኛል።»

ቀና ብዬ እሳቸው ወደሚያዩበት አየሁ። ደንገል ነው። ከደንገል በቀር አንድ ነገር የለም። ዳምጠው ጀልባዋን አዞረ። እስከ ዳሩ ድረስ ስለ ዋርካው ይነግሩት ነበር፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደረዘመ፣ ማን ሥሩ እንደተቀመጠ። እሱም «እህ» ይላል።

ከተማው ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበሩት። መቃብራቸው ጥሩ ቦታ ነው፣ ጥላ አለው፤ ሐይቁ ግን አይታይም። ባላቸው ደሴቱ ላይ፣ እሳቸው እዚህ። ደንገሉን ማን ቆረጠው ብሎ ከወረዳ ሰው ሲመጣ ኦቦ ገመቹ «ጉማሬ ነው» አሉ። ዳምጠው «እኔ ነኝ» አለ። ባለሙያው አንዱንም ያልሰማ መስሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ወራት አልፎ ኦቦ ገመቹ ዳምጠውን ፍለጋ መጡ። እኔም ልጠይቀው ሄጄ አብሬው ነበርኩ፤ ያችን ድንጋይ ላይ የቀረች ነጭ ጀልባ ተደግፎ የሰው መረብ እየጠገነ ነው። «ተፈቀደ፤ ቀዛፊ ለጀልባው መቁረጥ ይችላል ብለዋል። ተነስ፣ ጉሮሮውን እንክፈት» አሉት።

«ማን ሊያልፍበት?» አለ ዳምጠው፤ ቀና ሳይል።

«ደሴቱ ላይ ሰው አለኮ ልጄ።»

«አለ።»

ኦቦ ገመቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ፣ ማጭዳቸውን አነሱ፣ ብቻቸውን ወደ ውሃው ገቡ። ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ስለዚህ ቆመው፣ ከላይ ከላይ ይገዘግዙታል። የሚወድቀው ጥቂት ነው። ፓምፖቹ ከኋላችን ይስባሉ። ዳምጠው መረቡን አስቀመጠ፤ ሲያያቸው፣ ሲያያቸው ቆየና በድንገት ጮኸ።

«ከውሃው በታች ነው የሚቆረጠው፣ ኦቦ ገመቹ! ከላይ ከሆነ እኮ መልሶ ይበቅላል!»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት፤ ማጭዷንም ወደሱ ዘረጉ። ዳምጠው መረቡን መልሶ ጭኑ ላይ አደረገና ቀዳዳውን ፈለገ።